ለወንድሜ ተረከዝ መቐለ የከረምኩባቸው ዐሥራ አንድ ቀናት

ከደሴ መቐለ እንደሚያስፈራሩት ሩቅ አይደለም። ለእኔ ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ታናሽ ወንድሜ ታምራት የሒሳብ መምህር ሆኖ ወደዚያ ከሄደ ጀምሮ አንድም ቀን ሄጄ አልጠየቅኩትም። ትርሓስ የምትባል የመቐለ ልጅ ሲያገባ ሰርጉ ላይ ተጠራሁ፤ "መንገዱ ይከብደኛል" ብዬ ቀረሁ። እውነቱ ግን ኩርፊያ ነበር፤ ደሴ ውስጥ ያሰብኩለት ልጅ ነበረች። ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ፤ መንገዱም ስልኩም ተዘጋ። በሕይወት ይኑር አይኑር ሳናውቅ ከረምን። ሲከፈት ደግሞ ኀፍረት ያዘኝ። ሰው ካኮረፈ በኋላ መታረቅ እንደሚከብደው ሁሉ፣ ከቀረ በኋላም መሄድ ይከብደዋል።

ያስነሣኝ የታምራት ተረከዝ ነው። ጥር ላይ የተሳፈረባት ባጃጅ ቁልቁለት ላይ ተገልብጣ እግሩ ከሥሯ ገባ። አጥንቱ ተረፈ፤ የተረከዙ ቆዳ ግን ከነሥጋው ተገፈፈ። ሦስት ወር ሙሉ ቁስሉ ሲጠረግና ሲታሸግ ከርሞ አልገጥም አለ። አንዱ ሐኪም "ከጉልበት በታች ቢቆረጥ ይሻላል" አለው። ሌላው ደግሞ "ቆይ፣ አትቸኩል" አለው። ይህን ስንሰማ እናታችን ቤት ተሰበሰብን። አጎቴ፣ "ሰው በሰው አገር እግሩን አያስቆርጥም። ሂጂና አምጪው" አለኝ። እናቴም፣ "አምጪልኝ" ብላ ዐይኔን እንኳ ሳታይ ቅቤ ልታነጥር ወደ ጓዳ ገባች።

ፋሲካ ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከምሠራበት መዝገብ ቤት ፈቃድ ወስጄ ተነሣሁ።

ሰኞ፣ ከደሴ አላማጣ

ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ስደርስ ደሴ እንደ ልማዷ ጉም ለብሳለች። ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሣ አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ሐይቅን አልፈን ውጫሌ፣ ከዚያ መርሳ፤ መርሳ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ፓፓያ ገዝቶ መኪናው ፓፓያ ፓፓያ ሸተተ። ወልድያ ምሳ በልቼ ሌላ መኪና ያዝኩ። ከቆቦ በኋላ ያለው ሙቀት ለደሴ ሰው አይሆንም። እኔ ደግሞ ሹራብ ለብሼ፣ ላዩ ላይ ጋቢ ደርቤ ነበር።

ሻንጣዬ መኪናው ጣሪያ ላይ ነበር። አላማጣ ወርጄ ሲያቀብሉኝ እጄ ላይ አንሸራተተኝ። ከፈትኩት። እናቴ ያነጠረችው ቅቤ በፀሐይ ቀልጦ ክዳኑን ገፍቶ፣ ለትርሓስ ብዬ ያሠራሁትን አዲስ ነጠላ አጥግቦታል። ስምንት ዓመት ዘግይቼ ይዤው የመጣሁት የሰርግ ስጦታ መሆኑ ነው። መናኸሪያው መሀል ቁጭ ብዬ ማልቀስ ቃጣኝ።

ያደርኩባት ትንሽ ሆቴል ባለቤት ወይዘሮ ዛህራ ትባላለች። ገና ከበር ስገባ ሻንጣውን አየችና፣

"ምንድን ነው ይሄ?" አለች።

"ለወንድሜ የያዝኩት ቅቤ ነበር።"

"ቅቤው ቸኩሎ ነዋ! በይ ነጠላውን አምጪው።"

"ተይው፣ ከእንግዲህ አይሆንም።"

"አላማጣ የቀለጠ ቅቤ ያየሽ የመጀመሪያዋ ሰው አይደለሽም" አለችና ከእጄ ቀማችኝ። ሙቅ ውሃ አስጥዳ፣ በራሷ ሳሙና ሦስት ጊዜ አጥባ ግቢዋ ውስጥ ሰጣችው። ደሴ ቢሆን ሁለት ቀን የማይደርቅ ጨርቅ ራት ሳይቀርብ ደረቀ። ጥለቱ እንደ አዲስ ሆነ፤ የቅቤው ሽታ ግን አልለቀቀም። ዛህራ አሸተተችውና፣ "ይሄማ ከየት እንደመጣሽ ይናገርልሻል" ብላ አጥፋ ሰጠችኝ። የተረፈውንም ቅቤ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ገለበጠችልኝ።

ማክሰኞ፣ ከአላማጣ መቐለ

ግራት ካሕሱ የሚባለው አቀበት ሰው ልቡን የሚፈትንበት ነው። መንገዱ ዞሮ ዞሮ እዚያው ተመልሶ የመጣ ይመስላል። ወደ ታች ሳይ ያደርኩባት ከተማ የክብሪት ቀፎ አክላለች። ኮረምን አልፈን የአሸንጌ ሐይቅ ሲታየኝ፣ አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴትዮ "የእኛ ሐይቅ ይበልጣል" አልኳት። ሴትዮዋ አማርኛ አትሰማም ኖሮ ሣቅ ብላ ቆሎ ዘገነችልኝ።

ማይጨው ሻይ ልንጠጣ ወረድን። ብርዱ የደሴን አስታወሰኝ። ሻይ የምትቀዳዋ ልጅ፣ "ደሓን ዶ ሓዲርኪ?" አለችኝ። ስለ ስኳር የምትጠይቀኝ መስሎኝ "ሁለት" አልኳት። ቤቱ በሣቅ ሞላ። ልጅቷም ሣቋን እንደ ምንም ውጣ፣ "ደህና አደርሽ ወይ ነው ያልኩሽ፣ እናቴ" ብላ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨመረችልኝ።

አላጄን ወርደን ወደ ሜዳው ስንገባ መሬቱ ነጣ ያለ ድንጋይ ሆነ፤ ቤቱም አጥሩም ድንጋይ። ኲሓ ሳንደርስ በንፋስ መብራት የሚያመነጩ የረጃጅም ምሰሶዎች ክንፍ ኮረብታው ላይ ይሽከረከራል። ደሴ ተራራ በዙሪያዋ አለ፤ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚኖረው። መቐለ ግን ሰማዩ ሰፊ ነው፤ ንፋሱም የሚከለክለው የለም።

ትርሓስ መናኸሪያ ጠበቀችኝ። የማውቃት በሰርጓ ፎቶግራፍ ብቻ ነበር። ከፎቶግራፉ ይልቅ ከስታለች፤ ዐይኗ ግን ያው ነው።

"እትዬ ዘነቡ?" አለች።

"አዎ" አልኳት። እጄን ለሰላምታ ዘረጋሁላት። እሷ ግን አላቅማማችም። ትከሻዬን ሦስት ጊዜ ስማ ሻንጣዬን ነጠቀችኝ። "እንቋዕ ብደሓን መጻእኪ፤ እንኳን ደህና መጣሽ። እሱ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ መንገዱን ያያል" አለች።

ቤታቸው ከቃላሚኖ ብዙ አይርቅም፤ የእናቷ የአደይ ምሕረት የድንጋይ ቤት ነው። ታምራት መስኮቱ ሥር በደረቱ ተኝቶ የተማሪዎች ፈተና ያርማል። እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተሰቅሏል። ቀና አለና፣

"ደረስሽ?" አለኝ፤ ጠዋት ገበያ የላከኝ ይመስል።

"ደረስኩ" አልኩት።

"ምነው ቅቤ ቅቤ ሸተትሽ?"

ሁለታችንም ሣቅን፤ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። አደይ ምሕረት በሩ ላይ ቆመው፣ "አጆኺ ጓለይ፣ አጆኺ" ይሉኛል። አይዞሽ ልጄ ማለታቸው ነው። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ የእኔ ትግርኛ ደግሞ ከዜሮ በታች። ነጠላውን ለትርሓስ ስሰጣት እዚያው ለበሰችው።

ለራት ጥሕሎ ቀረበ። ለማታውቁት፣ የገብስ ዱቄት ተለውሶ በትንንሹ እየተድበለበለ፣ ባለ ሁለት ጣት እንጨት ተወግቶ፣ ወጥ ውስጥ እየተነከረ ይበላል። የእኔዋ ሁለት ጊዜ ወጡ ውስጥ ጠለቀችብኝ። አደይ ምሕረት እያወጡ አጎረሱኝ። "ብልዒ ጓለይ" ይላሉ። ይሄኛውን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ከራት በኋላ ትርሓስ ቁስሉን ልታጥብ ፋሻውን ፈታች። "አትዪው ይቅርብሽ" አለኝ ታምራት። አየሁት። ከተረከዙ ኋላ የመዳፌን ግማሽ የሚያህል ቦታ ሥጋ የለበትም። መሀሉ ላይ እንደ ጥርስ ነጣ ያለ ነገር ይታያል፤ አጥንቱ ነው። ትርሓስ ጠርዝ ጠርዙን እየተከተለች ታጥባለች። ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ይህን ስትሠራ እንደከረመች ያወቅኩት ያኔ ነው።

ቢሆንም የተላኩበትን ተናገርኩ። "ልወስድህ ነው የመጣሁት። እናታችንም ይህንኑ ትፈልጋለች።"

ትርሓስ ቀና ሳትል ፋሻውን መጠቅለል ቀጠለች። ታምራት ነው የመለሰው፦

"ነገ ሐኪሙ ዘንድ አብረሽን ትሄጃለሽ። የሚለውን ስሚ። ከዚያ በኋላ የምትዪውን ትያለሽ።"

ረቡዕ

ዶክተር ሀፍቶም ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ የነበረ ወረቀት ገልብጦ እግር ሳለ።

"ስስ ቆዳ ብቻ ወስጄ ብለጥፍበት አይይዝም" አለኝ። "የተራቆተ አጥንት ላይ ስስ ቆዳ አይበቅልም። ቢይዝ እንኳ ሲረገጥ ይላጣል። ተረከዝ ወፍራም ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ከባቱ ላይ ቆዳውን ከነሥሩ፣ ከነስቡና ከነደም ሥሩ አነሣለሁ። ቆርጬ ግን አልለየውም፤ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ እንደተያያዘ ወደ ታች ገልብጬ ተረከዙ ላይ እሰፋዋለሁ። ፍላፕ እንለዋለን። ደሙን የሚያገኘው በዚያች በተያያዘችው አንገት በኩል ነው።"

"የባቱስ ቁስል?"

"ከጭኑ ስስ ቆዳ አንሥተን እናለብሰዋለን።"

"ጭኑስ?"

"ጭኑ ራሱ ይሽራል።" ፈገግ አለ። "እዚያ ላይ ያበቃል።"

እኔ አልሣቅኩም። "ካልያዘስ?" አልኩት።

እርሳሱን አስቀመጠ። "ካልያዘ ያኔ ስለ መቁረጥ እንነጋገራለን። አልደብቅሽም፣ ላይይዝ ይችላል። ግን ይህን ሞክረን ባይሆን መቁረጡ አያመልጠንም፤ ቆርጠን ብንጸጸት ግን እግሩን መልሶ የሚሰጠን የለም። ነገ የቀዶ ሕክምና ተራ አለኝ። ውሳኔው የእሱ ነው።"

ታምራት ወደ እኔ ዞረ። ልጅ ሳለ ዛፍ ላይ ወጥቶ "ልዝለል?" ሲለኝ የሚያየኝን አስተያየት አየኝ። ግን አልጠየቀኝም። "ይሁን" አለ ለሐኪሙ።

ደጅ ወጥቼ እናቴ ጋ ደወልኩ። "እዚህ ሊያክሙት ነው" አልኳት። "ሰዎቹ እንዴት ናቸው?" አለችኝ። "ጥሩ ናቸው" አልኩ። ከሆስፒታሉ ወደ ቤት ስንመለስ በክራንች የሚሄዱ ወጣቶችን ቆጥሬ መሀል ላይ ተውኩት።

ሐሙስ

ጠዋት ሁለት ሰዓት አስገቡት። ትርሓስና እኔ ኮሪደሩ ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ለአንድ ሰዓት ያህል ስለ ንፋሱና ስለ ደሴ ዝናብ አወራን።

"መንገድ ተዘግቶ ሳለ እንዴት ከረማችሁ?" አልኳት።

"እንደ ሰዉ ሁሉ" አለች። "ታምራት የጎረቤቱን ልጆች ግቢያችን ውስጥ ሒሳብ ያስተምር ነበር። ጠመኔ የለም፤ በከሰል ግድግዳው ላይ። እናቴ ግድግዳዬ ጠቆረ ብላ ትቆጣለች፤ ደሞ ከሰሉን እሷ ናት የምታቀብለው። እንጀራ ሲያንስ፣ በልቻለሁ ይላል። ውሸቱን አውቃለሁ። እኔም በልቻለሁ እላለሁ። ሁለታችንም ሳንበላ እንጀራው ያድራል።"

ሣቀች። እኔም ሣቅኩና፣ ሳላስበው የቆየውን ጥያቄ ጠየቅኳት። "ስልክ ከተከፈተ በኋላ ለምን አንቺ አልደወልሽልኝም? አንድ ቀን እንኳ?"

"ደወልኩልሽ እኮ" አለች፤ ቁጣ በሌለው ድምፅ። "ትርሓስ ነኝ አልኩሽ። ታምራት ደህና ነው አልኩሽ። አንቺም 'እግዜር ይመስገን' ብለሽ ዘጋሽው።"

አስታወስኩ። እውነቷን ነው። ከሥራ ቦታ ነበር፤ ሰው ፊቴ ቆሞ ነበር፤ ግን መልሼ መደወል እችል ነበር። "ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት። ከቦርሳዋ ሕምባሻ አውጥታ ገመሰችና ትልቁን ለእኔ ሰጠችኝ። ዳቦው የእኛን ድፎ አያህልም፤ ቅመም ቅመም ይላል። ምሳችን እሱ ሆነ።

ዶክተሩ የወጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ጭንብሉ ጉንጩ ላይ መስመር አስምሮበታል። "ደም ደርሶታል" አለን። "አሁን ዋናው ሥራ የእናንተ ነው።"

ሲስተር ሰላማዊት የምትባል ነርስ ሁለታችንንም አቁማ አስተማረችን። እግሩ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። በተረከዙ አይተኛ። በፋሻው መሀል እንደ መስኮት ክፍት የተተወውን ቦታ በጣታችሁ ጫን አድርጉት፤ ነጥቶ ቀስ ብሎ ከቀላ ደህና ነው። ከጠቆረ ጥሩኝ። "ከሁሉም በላይ ግን ይህችን አንገት ምንም ነገር እንዳይጫናት" አለችን። ሁለታችንም "እሺ" አልን።

ዓርብ

ታምራት ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው እግሩን ነው። "አለ?" አለ። "አለ" አልነው። "ስንት?" አለ። "ሁለት" አለችው ትርሓስ። "ልክ ነው" ብሎ ተኛ።

እኔ ምሳ ላመጣ ብቻዬን ወደ ቤት ሄድኩ። ስመለስ መንገድ ጠፋኝ። ደሴ ውስጥ ብትጠፋ ቁልቁል ከወረድክ ፒያሳ ታገኛለህ፤ መቐለ ግን ሜዳ ናት፤ መንገዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ድንጋይ፣ ቤቱም አንድ ዓይነት ድንጋይ ሆነብኝ። ብስክሌቶች በግራ በቀኝ ያልፉኛል። ቲማቲም የምትሸጥ ሴት "ሆስፒታል" ስላት በእጇ አመለከተችኝ፤ እንዳልገባኝ ስታይ ዕቃዋን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ፣ የምሳ ዕቃዬን ተሸክማ በሩ ድረስ አደረሰችኝ። "የቐንየለይ" አልኳት። አመሰግናለሁ ማለት ነው፤ ከትርሓስ የተማርኩት የመጀመሪያው ቃሌ። ሴትዮዋ ደስ ብሏት ረጅም ነገር መለሰችልኝ። አንድም አልገባኝም።

ቅዳሜ

የዚህችን ቀን ነገር መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ካልጻፍኩት ሌላውን መጻፌ ከንቱ ነው።

ትርሓስ ሁለት ሌሊት ስላልተኛች፣ ከሰዓት በኋላ ቤት ሄዳ እንድታርፍ ግድ አልኳት። "እኔ አለሁ፤ እህቱ ነኝ" አልኳት። ታምራት በጎኑ ተኝቶ ነበር። ንፋሱ በመስኮት ይገባል። "እትዬ፣ እግሬን በረደኝ" አለኝ።

ጋቢዬን አወረድኩ። አጥፌ እግሩን ከጉልበቱ ጀምሮ ጠቀለልኩት፤ እንዳይከፈት ዳሩን ከሥሩ ወተፍኩት። እናታችን ልጆች ሳለን እንደምትጠቀልለን። "ሞቀህ?" አልኩት። "ሞቀኝ" አለኝና እንቅልፍ ወሰደው። እኔም ወንበሬ ላይ ሆኜ ሲተነፍስ እያየሁ ደስ አለኝ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ለወንድሜ የሚሆን ነገር ያደረግኩ መሰለኝ።

ትርሓስ እንቅልፍ አልወሰዳትም ኖሮ ከታሰበው ቀድማ መጣች። ጋቢውን አየች። ሄዳ ገለጠችው። እግሩ በእንቅልፍ ዞሮ ኖሯል፤ የጋቢው ጠርዝ በዚያች አንገት ላይ ተጠምጥሞ አሰርጉዷታል። የተገለበጠው ሥጋ ጠዋት ቀላ ያለ ነበር፤ አሁን ጫፉ የበሰለ ጥቁር ወይን መስሏል። ትርሓስ በጣቷ ጫነችው። አልነጣም።

ሲስተር ሰላማዊት ሮጣ መጣች፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዶክተሩ።

"ይህን የጠቀለለው ማን ነው?" አለ።

አፌን ስከፍት ትርሓስ ቀደመችኝ። "እኔ ነኝ" አለች።

ዞሬ አየኋት። እሷ የምታየው እግሩን ነው።

"አይደለችም" አልኩ። "እኔ ነኝ ዶክተር። በረደኝ ሲለኝ እኔ ነኝ የጠቀለልኩት። እሷ አልነበረችም።"

ዶክተሩ ሁለታችንንም አየን። "ማንም ይሁን" አለ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገብኝም። "ደም በአንገቱ ይገባል፤ መውጫው ሲታፈን ግን እዚያው ይጠራቀማል። አሁን እናስወጣው።" ሦስት ስፌት ፈታ። ጫፉን በመርፌ ነካ ነካ አደረገው። የወጣው ደም ጥቁር ነበር። "መቅላት እስኪጀምር በየግማሽ ሰዓቱ ትጠርጉታላችሁ። ደሙ እዚህ ላይ እንዳይረጋ። ትችላላችሁ?"

"እንችላለን" አልን፣ በአንድ አፍ።

ታምራት ነቅቶ ነበር። በደረቱ ተኝቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ወደ እሱ ጎንበስ አልኩ። "ታምሬ፣ ጥፋቴ ነው" አልኩት። እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ እጄን ፈለገና ያዘኝ። "ሞቆኝ ነበር" አለኝ።

ትርሓስን ወደ ኮሪደር ጠርቼ፣ "ለምን እንደዚያ አልሽ?" አልኳት።

"አንቺ እንግዳ ነሽ" አለች። "እኔ ብሳሳት ነገም እዚሁ ነኝ፣ አስተካክላለሁ። አንቺ ግን ይህን ይዘሽ ደሴ ድረስ ልትሄጂ ነው።" ከዚያ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። "ነይ፣ ግማሽ ሰዓቱ ደረሰ፣ ሓፍተይ።"

እህቴ ማለት ነው። እስከዚያች ሰዓት "እትዬ" ነበርኩ።

እሑድ

በየተራ ጠረግን። አንዷ ስትጠርግ ሌላዋ ሰዓት ታያለች። መጀመሪያ የሚወጣው ጥቁር ነበር፤ ንጋት ላይ ቀላ አለ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ድምፅ በመስኮት ሲሰማ ሲስተር ሰላማዊት መጥታ በጣቷ ጫነችው። ነጣ። ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ቀላ።

"እግሩ ደህና ናት" አለች ትርሓስ። አማርኛዋ ሲደክማት ወንዱን ሴት ታደርገዋለች። ማንም አላረማትም። ታምራት ብቻ ከትራሱ ውስጥ፣ "እሷም እኔም ደህና ነን" አለ።

አደይ ምሕረት ቅዳሴ አድርሰው ጠበል ይዘው መጡ፤ የተቀቀለ እንቁላልም በመሐረብ ቋጥረው። ዶክተሩ ሥጋና እንቁላል ይብላ ብሎ ነበር። ታምራት በልጅነቱ የእንቁላሉን አስኳል ትቶ ነጩን ብቻ ነበር የሚበላው፤ አሁን ሁለቱንም በላ። አደይ ምሕረት ሲበላ እያዩ ለእኔ አንድ ነገር ተናገሩ። ትርሓስ ተረጎመችልኝ፦ "ወንድምሽን የወለደችው እናት ትመስገን ነው የምትለው።" ያንኑ ዕለት ደውዬ ለእናቴ ነገርኳት። "እኔም አመስግኛታለሁ በይልኝ" አለች።

ረቡዕ

በመሀል ያሉት ሁለት ቀናት አንድ ዓይነት ነበሩ፤ መጫን፣ ማየት፣ መጠበቅ። ረቡዕ ዶክተሩ ፋሻውን ሙሉ በሙሉ ፈታ። ጫፉ ላይ የአውራ ጣቴን ጥፍር የምታህል ቦታ ጠቁራ ደርቃለች። የእኔ ጋቢ የገደላት ናት። ሌላው ሁሉ ሕያው ነው። ዶክተሩ የሞተችዋን ጠረገና፣ "ይህችኛዋ ራሷ ትሞላለች" አለ።

ታምራት ማየት እፈልጋለሁ አለ። ትርሓስ መስታወት ያዘችለት። ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

"ተረከዜ ወፍሯል" አለ።

"ከጊዜ በኋላ ይስተካከላል። ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ" አለው ዶክተሩ። "ይህ የባት ቆዳ ነው፤ የተረከዝ አይደለም። እንደ ድሮው አይሰማህም። ጫማ ቢልጥህ ወይ ድንጋይ ቢገባብህ አታውቅም። ስለዚህ በየማታው በዐይንህ ታየዋለህ፤ ዕድሜህን ሙሉ። ደግሞ የባትህ ፀጉር እዚያም ማደጉን አይተውም።"

ትርሓስ ሣቀች። ሣቋን ልታፍን ሞከረች፤ አልሆነላትም። "ተረከዙን ሊላጭ ነው!" አለች። ሲስተር ሰላማዊት ትሪውን እንደያዘች ዞር ብላ ትንፈቀፈቃለች። ታምራት፣ "ጸጉራም ተረከዝ ያለው የሒሳብ መምህር" አለ፤ "ተማሪዎቼ እንዳይሰሙ።"

ዓርብ፣ መመለሻ

ፈቃዴ ሊያልቅ ሆነ። ታምራት ገና ሆስፒታል ነው፤ ለሳምንታት መርገጥ አይፈቀድለትም። "አጎቴን ምን ልበለው?" አልኩት። "እግሩ መቐለ ሥር ይዟል በይው" አለኝ። ስስመው የሐኪም ቤት ሽታ ሸተተኝ፤ ከዚያ ሥር ግን የልጅነቱ ታምራት ነበር።

መናኸሪያ ትርሓስና አደይ ምሕረት ሸኙኝ። አደይ ለእናቴ አንድ ማሰሮ ነጭ ማር ሰጡኝ፤ ሦስት ቦታ አስረውታል። ትርሓስ መኪናው እስኪሞላ አጠገቤ ተቀመጠች። ከመውረዷ በፊት፣ "በሚቀጥለው ጊዜ ሰው ሳይታመም ነይ" አለችኝ።

"እናታችንን ይዤ እመጣለሁ" አልኳት።

መንገዱ ሲመለሱበት አጠረ። አላማጣ ዛህራ ጋ አደርኩ፤ ቅቤው ደረሰ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ቅዳሜ ማታ ደሴ ስገባ ዝናብ ይዘንባል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ከኋላዬ ተመለከተች፤ ሌላ ሰው እንደሌለ አየች። ከዚያ ገለል ብላ አስገባችኝና፣ ልብሴን ሳልቀይር ከመጀመሪያው ጀምሬ ሁሉንም አስወራችኝ። የጋቢውንም አልደበቅኳትም።

ይህ ከሆነ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ትናንት ጠዋት ትርሓስ ደወለች። ሰላምታ አላበዛችም። "ስምዒ" አለችኝ፤ ስሚ ማለት ነው፣ አሁን አሁን ይገባኛል። ስልኩን ወለሉ ላይ ስታስቀምጠው ተሰማኝ። እናቴን ጠራሁና ድምፁን ከፍ አደረግኩላት። ሁለታችንም አንገታችንን አቀርቅረን አዳመጥን።

መጀመሪያ የክራንቹ እንጨት ድንጋዩን ሲመታ ሰማን። ከዚያ ምንም። ከዚያ አንድ ለስላሳ፣ ጫማ ያላደረገ እግር ወለሉን ሲነካ ተሰማ። ክራንቹ፣ እግሩ። ክራንቹ፣ እግሩ። እናቴ በከንፈሯ ትቆጥራለች። ሰባት ላይ ስትደርስ እርምጃው ቆመ፤ ከሩቅ የአደይ ምሕረት እልልታ ሰማን፤ እናቴም ከደሴ ሆና መለሰችላቸው።